ፓምፑ ሲሰበር ሁልጊዜ ጥፋተኛው ሠራተኛው ነው? ስለ ፋብሪካ ፓምፕና ቱቦ ሥራ ወላጆች ማወቅ ያለባቸው

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የአሽዶድ እናት በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጃቸው በኮአህ አዳም በኩል ተቀጥሮ በአንድ ፋብሪካ ፓምፕ ክፍል ውስጥ ይሠራል። «ልጄ ሁለት ጊዜ ፓምፕ አበላሽቷል ብለው ይህን ፈርም አሉት። ምን እንደሚል አንብቡልኝ» አሉን። ወረቀቱን አነበብነው። ፓምፑ በልጁ ቸልተኝነት መበላሸቱን ልጁ እንደሚያምን፣ የጥገናውንም ወጪ ከደመወዙ ቢቆረጥበት እንደሚስማማ ይገልጻል።

ልጁን በስልክ አገኘነውና ምን እንደሆነ ጠየቅነው። «ፓምፑ ገና ከተተከለ ጀምሮ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይጮሃል። ተናግሬያለሁ። ማንም አልሰማኝም» አለን። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘን በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ወደ ሠሩ የማኅበረሰባችን ሰዎች ሄድን። ሁሉም፣ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ሲሰሙ በመጀመሪያ የሚያዩት ፓምፑን ሳይሆን ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ መሆኑን ነገሩን።

ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው «በቱቦ ሥራ» ወይም «በፓምፕ» ላይ እንደሚሠሩ ያውቃሉ እንጂ ሥራው ምን እንደሆነ አያውቁም። ስለዚህ ዛሬ ይህን ሙያ ከነምክንያቱ በአማርኛ ለማስረዳት እንሞክራለን። የልጁ ወረቀት የት እንደደረሰ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አሽዶድና ፓምፕ

አሽዶድ በ1956 የተመሠረተች ከተማ ናት። ወደቧ በ1965 ሥራ ጀመረ። ዛሬ በከተማዋ ዙሪያ የነዳጅ ማጣሪያ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የኬሚካልና የምግብ ፋብሪካዎች አሉ። የባሕርን ውሃ አጣፍጦ ለመጠጥ የሚያደርሰውና በዓመት 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ለማምረት የተሠራው ትልቅ ጣቢያም እዚሁ ነው። እነዚህ ሁሉ ያለ ፓምፕ አንድ ቀን አያድሩም። ነዳጁ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ፣ ዘይቱ፣ አሲዱ፣ የባሕሩ ውሃ፣ ሁሉም የሚሄደው በፓምፕ ነው።

አገሪቱም ራሷ በፓምፕ ውሃ የምትጠጣ ናት። በ1964 ሥራ የጀመረው ብሔራዊው የውሃ መስመር ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ከሚገኘው የኪኔሬት ሐይቅ ውሃውን በፓምፕ ወደ ላይ አውጥቶ ወደ ደቡብ እንዲልክ የተሠራ ነው። በአገር ቤት ሳለን ከምንጭ በእንስራ ቀድተን ዳገት የወጣን ሰዎች ይህ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ለመረዳት አይቸግረንም። ጀርባ የሚከፍለውን ዋጋ እዚህ ኤሌክትሪክ ይከፍለዋል።

መጥባትና መግፋት

ማንኛውም ፓምፕ ሁለት በር አለው። ፈሳሹ የሚገባበትና የሚወጣበት። በዕብራይስጥ የመግቢያውን በኩል «ይኒካ»፣ የመውጫውን በኩል «ስኒካ» ይሉታል። ይኒካ የሚለው ቃል ሕፃን ከእናቱ ጡት ሲጠባም የሚነገር ቃል ነው። ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ትልቁ የቱቦ ስሕተት ሁሉ ያለው በዚህ በመጥቢያው በኩል ነው።

ብዙ ሰው ፓምፕ ውሃን «ጎትቶ» የሚያመጣ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በመቃ ውሃ የጠጣ እረኛ በአፉ የሚያደርገው ከመቃው ውስጥ አየሩን ማሳነስ ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በምንጩ ላይ የተጫነው የውጭው አየር ነው። ፓምፑም እንዲሁ ነው። የአየር ክብደት ደግሞ ወሰን አለው። በባሕር ዳርቻ፣ ማለትም በአሽዶድ፣ የአየሩ ጫና ውሃን ወደ ላይ ሊያቆመው የሚችለው ቢበዛ 10.3 ሜትር ድረስ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ እዚያ ይህ ቁጥር ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ አሽዶድ ላይ በደንብ የሚስብ ፓምፕ ጎንደር ላይ ከዚያው ጥልቀት ላይስብ ይችላል። የፓምፑ ዓይነት ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

ከዚህ ከ10.3 ሜትር ላይ ደግሞ ብዙ ነገር ይቀነሳል። ውሃው በቱቦው ውስጥ ሲሄድ በመፈተግ የሚያጠፋው አለ። ፓምፑ ራሱ በመግቢያው ላይ እንዲቀርለት የሚፈልገው አለ፤ ይህ በአምራቹ ወረቀት ላይ በሜትር ተጽፎ ይገኛል። ውሃው የሞቀ ከሆነም ሌላ ቅናሽ አለ። በ80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከ10.3 ሜትሩ ግማሽ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። ስለዚህ በተግባር ቀዝቃዛ ውሃን ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ ከታች መሳብ አስቸጋሪ ነው። ሙቅ ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጋኑ ከፓምፑ በላይ ተቀምጦ በራሱ ክብደት እንዲወርድለት ይደረጋል።

ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈላ

በደጋ አገር ያደጉ እናቶች አንድ ነገር ያውቃሉ። ደጋ ላይ ሽሮም ሆነ ባቄላ ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል። ምክንያቱ አየሩ ሲሳሳ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ መፍላቱ ነው። ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጫናው እየቀነሰ ሲሄድ ውሃ እየቀዘቀዘም ሊፈላ ይችላል።

በፓምፕ መግቢያ ላይ የሚሆነው ይህ ነው። ቱቦው ጠባብ፣ ረጅም ወይም ብዙ ክርን ያለው ከሆነ ፓምፑ ውሃውን አጥብቆ ሲሻ ጫናው በጣም ይወርዳል፤ ውሃውም ሳይሞቅ ይፈላል። ትናንሽ አረፋዎች ይፈጠራሉ። አረፋዎቹ በፓምፑ ውስጥ ወደሚሽከረከረው ክንፍ ሄደው ጫናው ከፍ ወዳለበት ሲደርሱ በቅጽበት ይጨፈለቃሉ። እያንዳንዱ አረፋ ሲጨፈለቅ ብረቱን እንደ ትንሽ መዶሻ ይመታዋል። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስለው ድምፅ ይህ ነው። በዕብራይስጥም በሌሎች ቋንቋዎችም «ካቪታጽያ» ወይም «ካቪቴሽን» ይባላል። ሳምንታት ወይም ወራት ሲቆይ ክንፉ ነቀዝ እንደበላው ጥሬ ይበሳሳል፤ መንቀጥቀጡ የዘንጉን ማሸጊያና ኩሽኔታውን ይጨርሳል። አዲስ ፓምፕ ቢገዛም ቱቦው ካልተለወጠ ያው በሽታ ይመለሳል።

ቱቦው ምን ያህል ይስፋ?

የቱቦ ንድፍ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። በተለምዶ በመግቢያው በኩል ውሃው በሰኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር፣ በመውጫው በኩል ከ2 እስከ 3 ሜትር ገደማ እንዲሄድ ይደረጋል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያሳልፍ ፓምፕ አለ እንበል። ቱቦው 6 ኢንች (ውስጡ 150 ሚሊ ሜትር) ከሆነ ውሃው በሰኮንድ 1.6 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቱቦው 4 ኢንች (ውስጡ 100 ሚሊ ሜትር) ከሆነ ግን 3.5 ሜትር ይሆናል።

ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በመፈተግ የሚጠፋው ጉልበት ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ርዝመቱ 100 ሜትር ቢሆን በ4 ኢንቹ ቱቦ የሚጠፋው ውሃን 13 ሜትር ያህል ከፍ እንደ ማድረግ ነው። በ6 ኢንቹ ግን 2 ሜትር አይሞላም። ይህን ልዩነት ለመሙላት ፓምፑ ከ4 ኪሎዋት በላይ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ፋብሪካው በዓመት 8,000 ሰዓት ቢሠራ ከ30,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ በከንቱ ያልፋል ማለት ነው። ጠባብ ቱቦ የገዛ ባለቤት በመጀመሪያው ቀን ያተረፈውን ገንዘብ በየወሩ ለኤሌክትሪክ ይመልሰዋል። ግቢው ውስጥ የመስኖ ወይም የጕድጓድ ፓምፕ ያለው ሰውም ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ሻጩ «ጠበብ ያለው ይረክሳል» ሲለው መልስ ይኖረዋል።

በመግቢያው በኩል ያሉ ሕጎች

ባለሙያዎቹ የነገሩንን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ የመግቢያው ቱቦ አጭር፣ ቀጥ ያለና ከፓምፑ አፍ አንድ ደረጃ ሰፋ ያለ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ክርን (አዲስ አበባ ያሉ ቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉት) ከፓምፑ አፍ ጋር ተጣብቆ አይገጠምም። ከክርኑ በኋላ የቱቦውን ስፋት ከ5 እስከ 10 እጥፍ የሚሆን ቀጥ ያለ ቱቦ መኖር አለበት። 150 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ ቱቦ ይህ ከ75 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ውሃ ክርን ሲዞር ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ሳይረጋጋ ወደ ፓምፑ ከገባ ክንፉን በአንድ ጎን ይመታዋል።

ሦስተኛ፣ ቱቦው አየር የሚሰበሰብበት ጉብታ አይኑረው። ውሃው ከታች የሚመጣ ከሆነ ቱቦው ወደ ፓምፑ ቀስ እያለ ከፍ እያለ ይሂድ። ሰፊውን ቱቦ ከፓምፑ ጠባብ አፍ ጋር የሚያገናኘው ማጥበቢያም አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ዓይነት ይሁን፤ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ላይ ይዞር። ወደ ታች ከዞረ ወይም እንደ ቀንድ ከሁሉም ጎን የሚጠብ ዓይነት ከተገጠመ ከላይ አየር ይጠራቀማል፤ አየር ደግሞ ለፓምፕ እንደ ትን ነው።

አራተኛ፣ ከጕድጓድ ወይም ከክፍት ጋን ሲሳብ የቱቦው አፍ ከውሃው በታች በደንብ ይጥለቅ። ካልጠለቀ ውሃው እንደ አዙሪት እየዞረ አየር ይዞ ይገባል። ከታቹ ደግሞ ማጣሪያና ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዝ ቫልቭ ይደረግለታል። ማጣሪያው በየጊዜው ይጸዳ፤ የተደፈነ ማጣሪያ ከጠባብ ቱቦ አይሻልም።

አምስተኛ፣ የውሃውን መጠን ለመቀነስ በመግቢያው በኩል ያለው መዝጊያ በፍጹም አይጨበጥም። ያ መዝጊያ ለጥገና ብቻ ነው፤ ፓምፑ ሲሠራ ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሆናል። መጠን የሚስተካከለው በመውጫው በኩል ነው።

በመውጫው በኩል ያሉ ሕጎች

በመውጫው በኩል በመጀመሪያ የጫና መለኪያ፣ ቀጥሎ ውሃ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ («አል ሖዜር»)፣ ከዚያ መዝጊያ («ማጎፍ») ይገጠማሉ። ተራው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። መዝጊያው ከአል ሖዜሩ በኋላ ከሆነ አል ሖዜሩ ሲበላሽ መስመሩን ሁሉ ባዶ ሳያደርጉ ዘግተው መጠገን ይቻላል።

አል ሖዜር ከሌለ ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑን በግራ ያሽከረክረዋል። መዝጊያን በድንገት መዝጋትም አደጋ ነው። በብረት ቱቦ ውስጥ በሰኮንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ውሃ በቅጽበት ቢቆም 12 ባር ገደማ የሚሆን ተጨማሪ ጫና ይፈጠራል። ቱቦው በመዶሻ እንደተመታ ይጮሃል፤ ደካማ መጋጠሚያም ይፈነዳል። ስለዚህ ትልቅ መዝጊያ ቀስ ተብሎ ይዘጋል።

ወላጆች ለልጆቻችሁ የምትነግሩት አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ይህን ንገሯቸው፦ ፓምፕ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በክንፍ እያሽከረከረ የሚገፋው ፓምፕ መውጫው ተዘግቶ ለጥቂት ጊዜ ቢሠራ ውሃው ይሞቃል እንጂ ወዲያው አይፈነዳም። እንዲያውም ብዙዎቹ ሲነሡ መውጫው ጠበብ ተደርጎ ነው። በጥርስ ወይም በፒስተን የሚገፋው ፓምፕ ግን የያዘውን ፈሳሽ የግድ ያወጣል። መውጫው ተዘግቶ ከተነሣ ቱቦው ወይም ፓምፑ እስኪሰበር ድረስ ጫናው ይጨምራል። እንዲህ ያለው ፓምፕ ጫና ሲበዛ በራሱ የሚከፈት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሊኖረው ይገባል፤ በመካከሉም ምንም መዝጊያ አይገባም። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይጠይቁ ፓምፕ ማስነሣት ሕይወት ያስከፍላል።

አገጣጠም

ንድፉ ትክክል ሆኖ አገጣጠሙ ሊያበላሸው ይችላል። ፓምፑ በመጀመሪያ በሲሚንቶ መሠረት ላይ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይቀመጣል። የሞተሩና የፓምፑ ዘንግ አንድ መስመር ላይ መሆናቸው በመለኪያ ይረጋገጣል። ቱቦው የሚገጠመው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሥራውም ከፓምፑ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይሄዳል።

ትልቁ ሕግ ይህ ነው፦ ፓምፕ የቱቦ ምሰሶ አይደለም። ቱቦው በራሱ እግርና ማንጠልጠያ መቆም አለበት። የቱቦው ፍላንጅ («ኦገን») ከፓምፑ ፍላንጅ ጋር አልገጥም ሲል በቡሎን ኃይል ወይም በብረት ዱላ ጎትቶ ማገናኘት የተከለከለ ነው። ያ ጉልበት አይጠፋም፤ ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ዘንጉን ያጣምማል፣ ማሸጊያውን በየወሩ ያስለቅሰዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ኤሌክትሪኩ ተቆልፎ፣ ቱቦው ባዶ ሆኖ ቡሎኖቹ ሲፈቱ ፍላንጆቹ ወደ ጎን ዘለል ካሉ ወይም ከተራራቁ ቱቦው ፓምፑን ሲያንቀው ነበር ማለት ነው።

ቡሎኖቹ ሲጠብቁም በዙሪያ በተራ አይደለም፤ አንዱን ከዚያ ትይዩውን እያደረጉ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ነው። የሙቀት ነገርም አይረሳም። 30 ሜትር የብረት ቱቦ በ50 ዲግሪ ሙቀት ቢጨምር 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መርዘሚያ ቦታ ካልተሰጠው ፓምፑን ይገፋዋል። ሁሉም ሲያልቅ ቱቦው ከብየዳ ቆሻሻ ይታጠባል፤ ከዚያም ከሚሠራበት ጫና ከፍ ባለ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ተኩል እጥፍ በሆነ ጫና ይፈተናል። የሚፈተነው በውሃ ነው። የታመቀ አየር ቱቦ ሲሰነጠቅ እንደ ፈንጂ ስለሚበተን በአየር መፈተን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የአሽዶድ ባሕር ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። የባሕር ውሃ ተራውን ብረት በፍጥነት ይበላል፤ «አይዝግም» የሚባለውም ብረት ሁሉ አይቋቋመውም። ስለዚህ በባሕር ውሃ መስመር ላይ ፕላስቲክ፣ ፋይበርግላስ ወይም ከፍ ያለ ደረጃ ያለው አይዝጌ ብረት ይመረጣል። የባሕር ውሃ በሚያጣፍጡ ጣቢያዎች ውስጥ ጨው ማጣሪያው ላይ ውሃውን ለመግፋት ከ60 እስከ 70 ባር ጫና ያስፈልጋል። በዚህ ጫና ላይ የምትገኝ የብየዳ ቀዳዳ መርፌ ብታክልም ሰው ትቆርጣለች።

ሕይወት የሚያድኑ ልማዶች

ልጃችሁ እንዲህ ባለ ቦታ የሚሠራ ከሆነ እነዚህን ጠይቁት።

ፓምፑን ከመፍታቱ በፊት ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል? ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይይዛል? መግቢያውንና መውጫውን ዘግቶ፣ ውስጥ የቀረውን ጫና አስተንፍሶ፣ መለኪያው ዜሮ መሆኑን አይቷል? ፈሳሹ ምን እንደሆነ ያውቃል?

ወደ ጋን ወይም ወደ ጕድጓድ ይገባል? ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ጋን ውስጥ ያለው አየር የማይታይ፣ አንዳንዴም የማይሸት መርዝ ሊሆን ይችላል። አንዱ ገብቶ ይወድቃል፤ ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ይገባና እሱም ይወድቃል። እኛ ወንድማችን ሲወድቅ ቆመን የማናይ ሕዝብ ነን፤ በዚህ ቦታ ግን ያለ መሣሪያ ዘሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው። አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ፣ ፈቃድ ሳይጻፍ፣ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር አይገባም።

ከፍታ ላይ ወጥቶ ቱቦ የሚገጥም ከሆነ ለዚያ ሥራ የሠለጠነበት ወረቀት አለው? ከፍታ ላይ ስለ መሥራት በ2007 የወጣው ደንብ አሠሪው ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን ያስገድዳል። በፓምፕ ክፍል ውስጥስ ጆሮውን ይሸፍናል? በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የተፈቀደው የድምፅ ወሰን 85 ዴሲቤል ነው። ጆሮ ከተጎዳ አይመለስም።

ሙያና መብት

በዚህ መስክ ያሉት ዋና ዋና ሙያዎች ቱቦ ገጣጣሚ («ጻናር»)፣ በያጅ («ራታኽ») እና የፓምፕ መካኒክ ናቸው። ንድፉን የሚያወጣው መሐንዲስ ነው። ነገር ግን ንድፍ ማንበብ የሚችል ገጣጣሚ ከማይችለው ይልቅ ተፈላጊ ነው። በያጅም በሚበይድበት ዘዴና አቋም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ይይዛል። ልጃችሁ ፍላጎት ካለው ወደ ሼሩት ሀታአሱካ ሄዶ በዚያ ወቅት ምን ዓይነት የሙያ ኮርስ እንዳለ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይጠይቅ። ከመመዝገቡ በፊት ግን ትምህርቱ ሲያልቅ የሚሰጠው ወረቀት በመንግሥት የታወቀ መሆኑን ያረጋግጥ። ገንዘብ ተቀብለው ማንም የማያውቀውን ወረቀት የሚሰጡ አሉ።

ስለ መብት አራት ነገሮች ማወቅ ይበቃል።

አንድ፣ በ2002 የወጣው ሕግ አሠሪ ሥራ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ፣ ደመወዙንና ሰዓቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። በኮአህ አዳም የተቀጠረም ይህ መብት አለው።

ሁለት፣ የትሉሽ ወረቀት በየወሩ ይነበብ፣ ይቀመጥ። የተቀነሰ ነገር ካለ ለምን እንደሆነ ይጠየቅ።

ሦስት፣ በ1958 የወጣው የደመወዝ ጥበቃ ሕግ ከደመወዝ ምን ሊቆረጥ እንደሚችል ዘርዝሮ አስቀምጧል። አሠሪ «ዕቃ ሰብረሃል» ብሎ በራሱ ውሳኔ ብቻ መቁረጥ አይችልም። ሠራተኛው ራሱ ዕዳ አለብኝ ብሎ በጽሑፍ ከፈረመ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያቺ ፊርማ የምትፈለገው ለዚህ ነው። ስለዚህ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። «ቤት ወስጄ አንብቤ እመልሳለሁ» ማለት ነውር አይደለም፣ ድፍረትም አይደለም።

አራት፣ በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰ ወዲያው ለአለቃ ይነገር። ከአሠሪው ቶፌስ 250 ተቀብሎ ወደ ሕክምና ይኬድ። ለሐኪሙም ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ይነገርና ይጻፍ። ለቢቱዋህ ሌኡሚ የሚቀርበው ጥያቄ ከ12 ወር ማለፍ የለበትም። «ነገ ይሻለኛል» ብለው ዝም ያሉ ብዙ ሰዎች በኋላ ማስረጃ አጥተዋል።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ

ያ ወጣት አልፈረመም። በእኛ ምክር የራሱን ስልክ አውጥቶ የፓምፑን መግቢያ ፎቶ አነሣ። ፎቶውን ለአንድ አንጋፋ ጻናር አሳየነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ብዙም ሳያዩ ሁለት ነገር ጠቆሙን። ክርኑ ከፓምፑ አፍ ጋር ተጣብቆ ተገጥሟል፤ የማጥበቢያውም ጠፍጣፋ ጎን ወደ ታች ዞሯል። «ይህ ልጅ ሳይሆን ማንም ቢቆምበት ይህ ፓምፕ ይሰበራል» አሉ።

ወጣቱ ይህን በትሕትና፣ በአጭር ደብዳቤ፣ በዕብራይስጥ ጻፈ። መቼ መቼ ስለ ድምፁ ለአለቃው እንደተናገረ ቀኖቹን አሰፈረ። ግልባጩን ያዘ። የፋብሪካው መሐንዲስ መጥቶ አየ፤ ቱቦው ተቆርጦ እንደገና ተሠራ። ድምፁ ጠፋ። የይቅርታ ቃል አልመጣም፤ ወረቀቱ ግን ዳግመኛ አልተነሣም፤ ከደመወዙም አልተቆረጠም። እናቱ በኋላ ሲነግሩን፣ መሐንዲሱ ልጁን ጠርቶ ሌሎቹንም ፓምፖች አብሮት እንዲያይ ማድረጉን ሰማን። አሁን የማታ ኮርስ ጀምሯል።

ነገሩ ሁልጊዜ በዚህ መልክ አያልቅም። አንዳንድ ጊዜም ጥፋቱ በእርግጥ የሠራተኛው ይሆናል፤ ያን ጊዜ አምኖ መማር ይገባል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ግን ሥራውን ማወቅ፣ ያዩትን በቀኑ መጻፍና ሳይረዱ አለመፈረም ያስፈልጋል። ዛሬ ማታ ልጃችሁ ከሥራ ሲመለስ «እንዴት ዋልክ?» ካላችሁት በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ «ፓምፑ ምን ዓይነት ድምፅ አለው?»